የሠለጠነን ሰው እንደገና ማሠልጠን፦ ከተንከባካቢዎቻችን ታሪክ

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን የዓመቱ በጀት ሲነበብ «ለነባር የቤት ለቤት ተንከባካቢዎች የማነቃቂያ ሥልጠና» የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ አንዲት እህታችን እጇን አወጣች። «እኛ እኮ ሠልጥነናል፤ የምስክር ወረቀታችንም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ይህ ገንዘብ ለሕሙማኑ ሳሙናና አንሶላ ቢገዛበት ወይም አዲስ ሰው ቢሠለጥንበት አይሻልም?» አለች። ብዙዎች አጨበጨቡላት። እኔም በቂ መልስ ስላልነበረኝ ዝም አልኩ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያድር ተወሰነ።

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። ከሚረዱን አጋሮችም በየጊዜው ይመጣል፤ «ባለፈው ያሠለጠናችኋቸውስ እነዚሁ ሴቶች አይደሉም እንዴ?» ይሉናል። ገንዘብ የሰጠ ሰው ገንዘቡ የት እንደዋለ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ ያን ቀን ያልሰጠሁትን መልስ በዚህ መጽሔታችን ላይ ልጽፈው አሰብኩ። መልሱን ግማሹን ያገኘሁት አገራችን የጤና ሠራተኞቿን ስታሠለጥን ከኖረችበት ታሪክ ነው። ግማሹን ደግሞ እኔው ራሴ ከሠራሁት ስህተት።

ከድሬሰሮቹ ልጀምር። ዕድሜያችን ስልሳን የተሻገርን ሁላችንም ቃሉን እናስታውሰዋለን። በንጉሡ ዘመን ሐኪም የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ነበር፤ እሱም ብዙውን ጊዜ የውጭ አገር ሰው ነበር። ራቅ ባሉት ከተሞች ሕመምተኛ የሚያየው ድሬሰር ነው። ድሬሰሮች ሆስፒታል ውስጥ ቁስል ማጠብና ማሸግ፣ መርፌ መውጋት፣ መድኃኒት ማደል ተምረው ወደየክሊኒኩ ይላኩ ነበር። እኔ ባደግሁባት ትንሽ ከተማ የነበሩት ድሬሰር የተከበሩ ሰው ነበሩ። ሌሊት ቢጠሩ ፋኖሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከድሃ ገንዘብ አይቀበሉም። ለሁሉም በሽታ ግን መርፌ ነበራቸው፤ ለጉንፋንም መርፌ፣ ለሆድ ቁርጠትም መርፌ። እናቴ «እጃቸው ይባረክ» ትል ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ እኚያ ሰው መርፌ መውጋትን በሚገባ ተምረዋል። መቼ እንደማይወጋ ግን ተምረውም ከሆነ የሚያስታውሳቸው ሰው አልነበረም። ለዓመታት ብቻቸውን ነበሩ።

በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በዚህ በኩል የተለየ ሐሳብ ነበረው። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ (ያኔ ሳኒተሪያን ይባል የነበረው) በአንድ ግቢ ይማሩ ነበር፤ ሲመረቁም በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ነበር የታሰበው። እኔ ከዚህ ሐሳብ የምወድለት ሦስት ሰው አብሮ ሲሠራ አንዱ የረሳውን ሌላው ማስታወሱን ነው። ነገር ግን ጤና ጣቢያዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ገጠሩ ሰፊ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ አንዱንም ሳያይ ኖረ።

ከዚያ ደርግ መጣ። በ1971 ዓ.ም. መግቢያ በአልማ አታ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ «መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ለሁሉም» ሲል እኛም አገር ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ። የየመንደሩ ሰው ከመካከሉ እየመረጠ የጤና ወኪሎች እንዲሠለጥኑ ተደረገ፤ የልምድ አዋላጆችም እንዲሁ። የጤና ወኪሎቹ ሥልጠና ሦስት ወር ያህል ነበር። ከሥልጠናው በኋላ ወደየገበሬ ማኅበራቸው ይመለሳሉ፤ የሚደግፋቸውም ገበሬ ማኅበሩ ይሆናል ተባለ። ድጋፉ በብዙ ቦታ ቃል ብቻ ሆኖ ቀረ። ደመወዝ የለ፣ የሚጎበኛቸው ባለሙያ እምብዛም አይመጣ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ አይተካ፤ ብዙዎቹ ሥራውን ትተው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። የቀሩት በተማሩት ላይ ቆዩ።

«በተማሩት ላይ መቆየት» ምን እንደሚያስከትል ወባን አይቶ መረዳት ይቻላል። ለብዙ ዘመን የወባ መድኃኒት ማለት ክሎሮኪን ነበር። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት ግን መድኃኒቱን ተላመደ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ አገሪቱ ለዚህ ዓይነቱ ወባ ወደ ፋንሲዳር ዞረች። ፋንሲዳርም ብዙ አልቆየ፤ በ1996 እና 97 ዓ.ም. አካባቢ ኮአርተም ተተካ። ክሎሮኪን ደግሞ ጨርሶ አልቀረም፤ ቫይቫክስ ለሚባለው ለሌላኛው የወባ ዓይነት ማገልገሉን ቀጠለ። ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ «ለወባ ምን ይሰጣል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ሁለት ጊዜ ተለወጠ፤ ለዚያውም «የትኛው ወባ ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ተጨመረበት። አንድ ጊዜ ሠልጥኖ የተተወ ሰው ክሎሮኪኑን ሲሰጥ ስህተት የሠራ አይመስለውም። የምስክር ወረቀቱ ላይ የተመሰከረለትን ነው የሚያደርገው።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ ልምጣ።

በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤታችን ድረስ በገባበት ጊዜ የሆስፒታል አልጋ አልበቃ ሲል ሕመምተኛው ወደ ቤት ይመለስ ነበር። ያኔ እድሮች፣ የሴቶች ማኅበራት፣ የሰፈር ሴቶች የቤት ለቤት እንክብካቤ ጀመሩ። እኔ በ1996 ዓ.ም. ለአሥር ቀን ሠለጠንኩ። የተማርነው ገላ ማጠብ፣ ከመተኛት ብዛት ቁስል እንዳይመጣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ አፍ ለቆሰለ ሰው ምን እንደሚቀርብ፣ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በአፍ የሚወሰደውን ንጥረ ነገር እንዴት እንደሚበጠበጥ ነው። ጓንት ሲያልቅብን እጃችንን በፌስታል እናስር ነበር። ሥራችን፣ ሳንደብቅ እንናገረው ከተባለ፣ ሰው በንጽሕናና በክብር እንዲሞት ማገዝ ነበር።

በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። ከዚያ በፊት በገንዘብ ለሚገዛ ብቻ ነበር። በዓመት ውስጥ ስናገላብጣቸው የነበሩ ሰዎች ተነሥተው ገበያ ወጡ። እኛ ግን የሠለጠንነው ለሚሞት ሰው ነበር። ለሚኖር ሰው ምን እንደሚባል አናውቅም። መድኃኒት በሰዓቱ ካልተወሰደ ምን ይሆናል? እግሬን አቃጠለኝ፣ ፊቴ ከሳ የሚል ሰው በሽታው ነው ወይስ መድኃኒቱ? (ስታቩዲን የሚባለው መድኃኒት ሁለቱንም ያመጣ ነበር፤ በኋላ ቀርቷል።) ሲዲ ፎር ከ200 ካልወረደ መድኃኒት አይጀመርም ተብለን ነበር፤ ቁጥሩ ቆይቶ ከፍ አለ፤ በመጨረሻም የተመረመረና በደሙ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው ይጀምር ተባለ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናም ከስምንት ወር ወደ ስድስት ወር አጠረ። ሁሉ ነገር ሲለዋወጥ እኛ በ1996ቱ ደብተራችን ቤት ለቤት እንዞር ነበር።

ያን ጊዜ ሥልጠና አልጠየቃችሁም ወይ ትሉ ይሆናል። ጠይቀናል። ያኔ ይረዳን የነበረው ድርጅት (ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፤ ብዙ መልካም ነገርም አድርጎልናል) በሪፖርቱ የሚቆጥረው አዲስ ሠልጣኝ ብቻ ነበር። ስለዚህ አዳዲስ ሴቶች ሠለጠኑ፤ እኛ ነባሮቹ ቀረን። ውጤቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ተንከባካቢዎች ገብተው ለአንድ ታማሚ ሁለት የተለያየ ነገር የሚናገሩበት ሆነ። ሕመምተኛው ማንን ይመን? አብዛኛውን ጊዜ የሚያምነው በዕድሜ የገፋችውን ነው። እኛን ማለት ነው።

በ2003 ዓ.ም. በምከታተለው ሰፈር አንዲት እናት ወለደች። ልብስ እያጠበች የምትኖር፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ያለች ሴት ናት። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ነበር፤ መድኃኒቷንም በአግባቡ ትወስድ ነበር። እኔ «ልጁን እንዳታጠቢው» አልኳት። እንዲህ ነው የተማርኩት ብዬ አምን ነበር። እሷም ታዘዘችኝ። በፌስታል የሚሸጠውን የላም ወተት እየገዛች በጡጦ ሰጠችው። ገንዘብ ሲያጥራት ውኃ ትጨምርበታለች። ከሰል ሲያልቅ ውኃው ሳይፈላ ይቀራል። ሕፃኑ ሦስት ወር ሳይሞላው ተቅማጥ ያዘው፤ ዓይኑ ጎደጎደ። ተሸክሜው ሆስፒታል የገባሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ቀን ተኛ። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ።

የማነቃቂያ ሥልጠናው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደረሰን። አሠልጣኟ ሲስተር ማስተማር ከመጀመሯ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀችን፤ «ቫይረሱ በደሟ ያለ እናት ስትወልድ ስለ ማጥባት ምን ትሏታላችሁ?» አለች። ከአሥራ አንዳችን ሰባታችን «አታጥቢ» እንላለን አልን። ሲስተር አልተቆጣችም። በ2002 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን እንደለወጠ ነገረችን፤ እናቲቱ መድኃኒቱን እየወሰደች ስድስት ወር ጡት ብቻ ትሰጣለች፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ዓመት ታጠባለች። እኔ ይህን ስሰማ አዲስ ነገር ስለመጣ ነው፣ እኔ ምን አጠፋሁ ብዬ ራሴን ላጽናና ነበር። ነገር ግን ሲስተር የድሮውን የ1996ቱን የሥልጠና ጽሑፍ አውጥታ አነበበችልን። እዚያም ላይ እኮ «አታጥቢ» ብቻ አይደለም የተጻፈው። እናቲቱ አቅሙ ካላት፣ የዱቄት ወተቱን ሳታቋርጥ መግዛት ከቻለች፣ ንጹሕ ውኃ ካለ፣ ለልጁ አደጋ ከሌለው አታጥባ፤ እነዚህ ካልተሟሉ ግን ጡት ብቻ ትስጥ ይላል።

በደብተሬ ላይም በራሴ እጅ ጽፌው አገኘሁት። በሰባት ዓመት ውስጥ «ከሆነ» የሚሉት ሁሉ ከአእምሮዬ ረግፈው ትእዛዙ ብቻ ቀረ። መርሳቴንም አላውቅም ነበር። እንደረሳሁ ባውቅ ኖሮ ሰው እጠይቅ ነበር። ለእህታችን ጥያቄ ያለኝ ዋናው መልስ ይህ ነው። የሰለጠነ ሰው ሲረሳ አእምሮው ባዶ ሆኖ አይሰማውም፤ አጠር ያለ፣ ደረቅ ያለ ሕግ ይዞ በሙሉ ልብ ይናገራል። የልጅነቴ ከተማ ድሬሰርም መርፌውን ይዘው «መቼ» የሚለውን የጣሉት እንዲሁ ይመስለኛል።

ይህን ጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ ከመስጠቴ በፊት ያቺን እናት ቤቷ ሄጄ ሁሉን ነገርኳት። እስከ ዛሬ ልጁን ያተረፍኩላት እኔ እንደሆንኩ ለሰው ትናገር ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ቡናውን ከጀበናው ቀድታ ሰጠችኝ። «የነገርሽኝ ሁሉ ከልብሽ ነበር» አለች። ከልቤ ነበር፤ ስህተትም ነበር። ልጁ ነፃ ሆኖ አድጓል፤ ጽሑፉ እንዲወጣም የፈቀደችው እሷ ናት።

እንግዲህ አገር ከዚህ ነገር ምን ተማረ ብንል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ታሪክ ማየት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ፕሮግራም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን ለአንድ ዓመት እያሠለጠነ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ መደበ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። እንደ ጤና ወኪሎቹ ለመንደሩ በጎ ፈቃድ አልተተዉም፤ ደመወዝ ተቆረጠላቸው። ሁለት መሆናቸውም የጎንደሩን ሐሳብ ያስታውሰኛል።

መጀመሪያ ላይ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ሲመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩት ነበር እንጂ ራሳቸው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አይሰጡም ነበር። ከ2002 እና 2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጤና ኬላ እንዲያክሙ ተፈቀደ። ለዚህም የሕፃኑን ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር አለባቸው። ከሁለት ወር እስከ አሥራ አንድ ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ። 45 ጊዜ የሚተነፍስ ሕፃን አሥራ አንድ ወሩ ከሆነ ፈጣን አይባልም፤ አሥራ ሦስት ወሩ ከሆነ መድኃኒት ያስፈልገዋል። «ከሆነ» ማለት እንዲህ ነው። ችግሩ ደግሞ በአንድ ጤና ኬላ በወር የሚመጡት የታመሙ ሕፃናት ጥቂት መሆናቸው ነው። ያልሠሩበት እጅ ይረሳል፤ በዚህ የሠልጣኟ ስንፍና የለበትም።

የወደድኩት መፍትሔውን ነው። በብዙ ወረዳዎች ሠራተኞቹ የታመሙ ሕፃናት መዝገባቸውን ይዘው እየመጡ የሚገናኙበት የግምገማ ስብሰባ ተጀመረ። በየገጹ ዕድሜው፣ የትንፋሹ ቁጥር፣ የተሰጠው የበሽታ ስም፣ የተሰጠው መድኃኒት ይመሳከራል። ከመዝገቡ ላይ ስህተቱ ሲታይ እዚያው ይታረማል፤ ሕፃናት ባሉበትም ትንፋሽ እየቆጠሩ ይለማመዳሉ። ያቺ ሠራተኛ እንደ አዲስ ተማሪ ስለ ሳንባ ምች ንግግር አትሰማም፤ የምትማረው ከራሷ እጅ ጽሑፍ ነው።

ሥልጠና ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ አላታልላችሁም። የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ፓወር ፖይንት ሲገላበጥ እያየን፣ ሻይ በዳቦ ጠጥተን፣ አበል ፈርመን የተመለስንባቸው ቀናትም አሉ። ከዚያ ምን ይዘሽ መጣሽ ብትሉኝ አበሉን ነው። እንዲያውም አንዳንዷ እህት ከአንዱ ሥልጠና ወደ ሌላው ስትዞር ሕመምተኛዋን የምናይላት እኛ ነበርን። እህታችን ያነሣችው ቅሬታ ከዚህ የመጣ ከሆነ አልፈርድባትም።

ካየኋቸው ሁሉ የተሻለው ከሁለት ዓመት በፊት በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ጓሮ የተደረገው ነው። ነርሷ ምንም ሳትናገር ለእያንዳንዳችን ባሊ፣ ጣሳና የበረኪና ጠርሙስ ሰጠችንና «ዕቃ የምትዘፈዝፉበትን አዘጋጁ» አለችን። አምስት ፐርሰንት ለሆነው በረኪና አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ መሆኑን ሁላችንም በአፋችን እናውቀዋለን። ስንበጠብጠው ግን አንዳችን ከሌላችን አልተመሳሰልንም። አንዷ በዓይኗ ገምታ ጨመረች፤ ሌላዋ «ሽታው ሲያንቀኝ ይበቃል» አለች፤ እኔ ዘጠኙን ረስቼ በአሥራ ሁለት ጣሳ ውኃ አቀጠንኩት። አንዲት እህታችን ቤቷ የበጠበጠችውን ለሳምንት እንደምታስቀምጥ ተናገረች፤ ኃይሉን ስለሚያጣ በየቀኑ መዘጋጀት እንዳለበት ያን ቀን ሰማች። ስንስቅ ዋልን። ከዚያ በኋላ ግን የማርመላታ ብርጭቆ ላይ በሚስማር ምልክት አድርገን እየለካን ነው የምንሠራው።

አዳራሽም፣ ሆቴልም፣ ከውጭ የመጣ አሠልጣኝም አልነበረም። ወጪው የበረኪናና የታክሲ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳቤን ከወዲሁ አቀርባለሁ። ለዓመቱ የተያዘው የሥልጠና ገንዘብ ይቀነስ፤ በተቀነሰውም እህታችን እንዳለችው ሳሙናና አንሶላ ይገዛ። ሥልጠናው ግን አይቅር። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ቀን፣ በጤና ጣቢያው ግቢ ይሁን፤ ከትራንስፖርት በቀር አበል አይኑር። እያንዳንዷ ተንከባካቢ የምትጎበኛቸውን ሰዎች የምትጽፍበትን ደብተር ይዛ ትምጣ፤ ከአንዷ ጋር ሁለት አዲስ ሴቶች ተደርበው ይቀመጡ። ለአጋሮቻችንም አንድ ልመና አለኝ፦ በሪፖርት ቅጹ ላይ «አዲስ ሠልጣኝ» ከሚለው ሣጥን አጠገብ «ለሁለተኛ ጊዜ የሠለጠነች» የሚል ሌላ ሣጥን ይጨመርልን።

ያቺ ጥያቄውን ያነሣችው እህቴ ስብሰባው ላይ አጠገቤ ብትቀመጥ ደስ ይለኛል። የ1996ቱን ደብተሬን ይዤ እመጣለሁ። የድሮ ደብተር ያላችሁም ፈልጋችሁ አምጡት፤ የጻፋችሁትንና ዛሬ ለሰው የምትናገሩትን አብረን እናስተያየዋለን።